ዘንጉን ላስቆረጡልን ክቡር ኃላፊ

ለክልሉ የወጣቶች ፈጠራና ገጽታ ግንባታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በቅርቡ በአዳራሹ መድረክ ላይ የወደቀብዎት ማሽን በእግርዎ ጣት ላይ ያደረሰው ሕመም እንደለቀቀዎ፣ ጫማዎም ተወልውሎ የቀድሞ ወዙን እንዳገኘ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኛ የጠየቁ እንደሆነ፣ ደህና ነን እንዳልልዎ አንዷ ልጃችን ከመካከላችን ሄዳለች፤ ደህና አይደለንም እንዳልልዎ ደግሞ የጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት «ቡድኑ በመልካም ቁመና ላይ ይገኛል» ስለሚል ከሪፖርት ጋር መጋጨቱን ፈራሁት።

ስሜ ኢተፋ ዋቅሹማ ነው። እዚሁ አሶሳ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤታችንን የሮቦቲክስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ጸሐፊዎ መልኬን በደንብ ያውቁታል። ሰሞኑን በየጠዋቱ ደጃፍዎ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ቃል ስሰማ ከርሜ፣ እርስዎ ዘንድ በበር መግባት እንደማይቻል ሲገባኝ በአደባባይ መጻፍን መረጥኩ። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው። ዐዋጢፍ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ትምህርቷን ጥላ ወደ አገሯ ወደ ጉባ ሄዳለች፤ እንድትመለስ ሊያደርግ የሚችል ሰውም ከእርስዎ በቀር ያለ አይመስለኝም። ወደዚህ ልመና ከመድረሴ በፊት ግን የዋሉልንን ውለታ በዝርዝር ባላመሰግን ስድ እባላለሁ።

ምስጋናው ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ ስለ ማሽናችን ጥቂት ልበል። «ሚዛን» እንላታለን። ቁመቷ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ፣ አካሏ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጎማዎች ብቻ ያሏት ውሃ ተሸካሚ ሮቦት ናት። አራት ጎማ ያልሰጠናት ሰስተን አይደለም፤ ከውሃ ቦኖው ወደ ጤና ኬላው የሚወስደው የእግር መንገድ በማሽላ ማሳ መካከል እየተጠማዘዘ የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ስለሆነ ነው። በሁለት ጎማ የቆመ ነገር ደግሞ ወይ ወደ ፊት ይደፋል፣ ወይ ወደ ኋላ ይንጋለላል። ከቡድኑ ተማሪዎች የባምባሲዋ ኢልሊ ሽቦ እየቀጠለች፣ ሙርሳል ኮድ እየጻፈ፣ እኔም ከመጽሐፍ ቀመር እየቀዳሁ፣ መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ሚዛንን ከመሬት ስናነሣ ኖርን።

ያቆመቻት ዐዋጢፍ ናት። በአገሯ ሴቶች ሸክም የሚሸከሙት በጀርባቸው ሳይሆን ረጅም ዘንግ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ዕቃውን ከፊትና ከኋላ በዘንጉ ጫፎች ላይ አንጠልጥለው እንደሆነ ክቡርነትዎም ያውቃሉ። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዘንግ ይዛ መጣችና የሙርሳልን ስልክ መሃሉ ላይ በፕላስተር አጣብቃ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥላ፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ ትዞር ጀመር። ስልኩ የዘንጉን መዘንበል ይመዘግብ ነበር። ተማሪው ሁሉ ሳቀባት፤ ከተማ ገብታም ሸክም አልለቃት አለ አሏት። እሷ ግን ዳገቱን ስትወጣ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ጭቃውን ስትረግጥ ሰነበተች። ልኬቱን ገልብጠን ስናየው፣ ሰውነቷ ከመዘንበሉ በፊት እጇ ዘንጉን ገፋ እያደረገ፣ ለዳገት ወደ ፊት ለቁልቁለት ወደ ኋላ፣ አስቀድሞ ያስተካክል ኖሯል። ያንኑ ለሚዛን አስተማርናት። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ አጋደምንላት፣ ዘንጉን የምትገፋበት ትንሽ ሞተር ሰጠናት፣ በጫፎቹ ጀሪካን ሰቀልንላት፤ እሷም ከቦኖው እስከ ጤና ኬላው ጠብታ ሳታፈስ ደረሰች። አዲስ አበባ ወደሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር የተጠራነው በዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለእንግዶች ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ዋዜማ ውድ ጊዜዎን ሠውተው ሊጎበኙን ስለመጡ አመሰግናለሁ። ሚዛን እስክትንቀሳቀስ እንኳ ሳይጠብቁ፣ ገና ከበሩ እንዳዩዋት፣ ትርፍ የሆነባት ነገር ምን እንደሆነ ለይተው ያወቁ ብቸኛ ጎብኚያችን እርስዎ ነዎት። «ይሄ እንጨት ምንድን ነው? እኛ ሴቶቻችንን ከዚህ ሸክም ለማላቀቅ ስንታገል እናንተ ጭራሽ ማሽኑን ታሸክሙታላችሁ? እንግዶቹ ምን ይሉናል?» ያሉትን ኢልሊ እስከነድምፅዎ አጥንታዋለች። ዐዋጢፍ ልታስረዳዎ አፏን ስትከፍት «ቆይ የኔ ልጅ» ብለው ጀርባዋን መታ መታ ስላደረጉላትም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ያሉት ነገር ሐሰት ነበር ብዬ ግን አልከራከርም። ሸክሙ ከባድ ነው፤ የዐዋጢፍን እናት ትከሻ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ልጅቷ ማሽኗን ያሰበችውም ያንን ትከሻ እያየች ስላደገች ነበር፤ ቢጠይቋት ኖሮ ትነግርዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ ዘንጉ እንዲቆረጥ ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ አናጢ መጋዙን ይዞ መጥቶ ከማሳያው ጠረጴዛ ወርድ ጋር እኩል አድርጎ ከረከመው። ጀሪካኖቹ ወርደው በምትካቸው ሁለት ትንንሽ ባንዲራዎች ተሰቀሉ። ስሟ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁም አዲስ ስም አወጡላትና ደረቷ ላይ «ራዕይ አንድ» ተብሎ በደማቅ ሰማያዊ ቀለም ተጻፈባት። እኔ በትሕትና፣ ዘንጉ ካጠረ ትወድቃለች፣ ይህ ጌጥ ሳይሆን መቆሚያዋ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «መምህር፣ ቴክኖሎጂ በእንጨት አይቆምም» ሲሉ መለሱልኝ። ይህን ቃልዎን የክፍሌ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ፈልጌ፣ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ እንዳይጽፉት ፈርቼ ተውኩት።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበልዎ። በማግሥቱ ጠዋት የዐዋጢፍ እናት ወይዘሮ ኡምኩልሱም ልጃቸው የሠራችውን ሊያዩ ከጉባ መጡ። እንደ አገራቸው ወግ ዘንጋቸውን ተሸክመው ነበር፤ በአንዱ ጫፍ ለመምህራን ያመጡት ማር፣ በሌላው የራሳቸው ጓዝ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ አዳራሽ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል፤ ነጠላቸውን በሩ ላይ ቆመው አስተካከሉ። ክቡርነትዎ እንግዳ ለመቀበል እዚያው ቆመው ነበርና ጥበቃውን ጠርተው «ካሜራ ሳይመጣ እኚህን ሴትዮ በጓሮ አስገባልኝ፣ እንጨቱንም ጄኔሬተሩ ጋ አስቀምጥ» አሉ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። ዐዋጢፍ ግን ከጎንዎ ቆማ የአበባ ጉንጉን ይዛ ነበር። እርስዎ ያስያዟት ጉንጉን ነው፤ ለእንግዶቹ።

አራተኛ፣ በመድረኩ ላይ ስላደረጉት ንግግር። «ታዳጊ ክልል የሚለውን ስም ዛሬ በዚህ ማሽን እንሰናበተዋለን» ብለው ቁልፉን በራስዎ እጅ ተጫኑ፤ ማሽኗም አንድ ክንድ ያህል ሄዳ በግንባሯ እግርዎ ላይ ተደፋች። አዳራሹ በሳቅ አስተጋባ። እርስዎም ሕመሙን ዋጥ አድርገው ለቴሌቪዥኑ «የልጆቹ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል» አሉ። ስለዚህ ሐቀኛ ግምገማዎ እናመሰግናለን፤ ይቀረዋል ያሉት ክፍል በጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ፣ አናጢው በጣለበት፣ አሁንም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ስልክዎን ያዩ ስለነበር አላዩ ይሆናልና ልንገርዎ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ ወይዘሮ ኡምኩልሱም ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥተው በመካከሉ መተላለፊያ ወደ ፊት መጡ። ማንንም አላዩም። ጎንበስ ብለው ሚዛንን አነሡ፣ ቀና አድርገው በእጃቸው ደገፏት፣ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። በመጋዝ የተቆረጠ ቀርከሃ ይሻክራል። «ይሄ ማን ቆረጠ?» ብለው ጠየቁ። አማርኛቸው ትንሽ ነው፣ ጥያቄው ግን ለሁሉም ገብቶታል። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ወደ እርስዎ ነበር የምናየው። ለልጃቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት። በማግሥቱ የዐዋጢፍ ወንበር ባዶ ነበር፤ ማሩን ለመምህራን ክፍል አስቀምጠው ሄደዋል።

አምስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ችግራችንን ሰምቶ ዝም ስላላለን አመሰግናለሁ። «በሄደችው ተማሪ ምትክ ሌላ ሴት ተማሪ ተተክታ ለፎቶግራፍ እንድትዘጋጅ» የሚል መመሪያ ደርሶናል። ሴት መሆኗ እስከተሟላ ድረስ ማንነቷ አስቸጋሪ እንዳልሆነ ስለተረዳን ጭንቀታችን በእጅጉ ቀሏል። ኢልሊ መመሪያውን አንብባ ወደ ውጪ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፣ አቧራ ነው አለችን።

ስድስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር። ይቅር፤ ምስጋናው አለቀብኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጨንቆኛል። ይህን ሁሉ ጨዋነት የምደረድረው እንዳልጮህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስጄ ጉባ ሄጄ ነበር። መኪና እየቀያየርኩ፣ ወደ ግድቡ ከሚመለሱ ሠራተኞች ጋር ተጨናንቄ፣ መንገዱን እየጠየቅኩ ደረስኩ። ወይዘሮ ኡምኩልሱም በክብር ተቀበሉኝ፤ ገንፎ አቀረቡልኝ፣ ውሃም በእጄ ላይ አፈሰሱልኝ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዐዋጢፍ ግን ከጓዳ አልወጣችም። ከቀርከሃው ግድግዳ ማዶና ማዶ ሆነን ተነጋገርን። እኔ ስለ ውድድሩ አወራሁ፤ ኢልሊና ሙርሳል አዲስ ዘንግ እንደቆረጡ፣ ነገር ግን ያንዱ ቀርከሃ ውፍረት ከሌላው ስለማይገጥም ሚዛን ዳገት ባየች ቁጥር እንደምትወድቅ፣ የእሷ እጅ ካልገባበት እንደማይሆን ለፈለፍኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ እኔ ማሽኑ ስለወደቀ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ። «እሱ ይወድቃል፣ እናነሣዋለን፣ ለምደነዋል። እናቴን በጓሮ ሲያስገቧት አየሁ። እኔ እኮ እናቴን ነበር የሠራሁት። እንዴት እንደምትሄድ፣ እንዴት እንደምትቆም። አዲስ አበባ ሄጄ ይሄ ምንድን ነው ሲሉኝ ምን ልበል?»

የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ለዚህ የሚሆን ቀመር አልተማርኩም። «ትምህርትሽስ?» አልኳት፤ «እዚህም ሥራ አለ» አለችኝ። ስመለስ መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ከጎኔ የተቀመጠው የግድቡ ሠራተኛ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

በመምህርነት ዘመኔ ብልህ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ ብዙዎቹ የነገርኳቸውን መልሰው ይነግሩኛል። ይህች ልጅ ግን እኔ ያልነገርኳትን ነገር ከቤቷ ይዛ መጥታ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ያገኘችለት የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ናት። በሚቀጥለው ዓመት የመልቀቂያ ፈተና ትቀመጣለች፤ ወይም ትቀመጥ ነበር። ውድድሩ ቢቀር ይቅር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን አውቶቡስ ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ያለ እኛ ይሂድ። ዐዋጢፍ ከትምህርት ገበታ ቀርታ ሳለ እኔ ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ ሚዛናዊነት ሕግ ጠመኔ ይዤ ልቆም ግን አልችልም። ሞክሬዋለሁ። ግማሽ ላይ አቆምኩ፤ ሙርሳል ተነሥቶ ሰሌዳውን ጠረገልኝ።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ናት፤ በጀት አትጠይቅም፣ ስብሰባም አያስፈልጋትም። ግድቡን የሚጎበኙ እንግዶች በመጡ ቁጥር መኪናዎ ጉባ እንደሚሄድ አገር ያውቃል። የወይዘሮ ኡምኩልሱም ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። እዚያ ቆመው፣ በፊት በር ገብተው፣ ልጅቷ እየሰማች «ያን ቀን በድያችኋለሁ» ይበሉ። ካሜራ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ያለ ካሜራ አይሆንልኝም ካሉም ይዘውት ይሂዱ፣ እኛ አንከፋም። ዘንጉን ማስቆረጥዎን እንኳ ይቅር ብለናል፤ ቀርከሃ እንደሁ በአሶሳ ሞልቷል። የሰውን እናት በጓሮ ማስገባትዎን ግን እኛ ይቅር ልንልልዎ አንችልም፣ የእኛ አይደለምና።

ወደ ጉባ መሄዱ ለክብርዎ የማይመጥን መስሎ ከታየዎ ስልክም አለ። ስልኩም ካልሆነ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ ቢያንስ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው መልስ እንዲቀርልኝ ለጸሐፊዎ ይንገሩልኝ፤ «አልፈልግም ብለዋል» ቢሉኝ አውቄው እቀመጣለሁ። ተስፋ የሚያደክም ነገር እንደሆነ እስከዚህ ሰሞን አላውቅም ነበር።

በአዳራሽዎ በስተኋላ ረድፍ፣ በደጃፍዎ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንዲሁም በሪፖርትዎ ውስጥ በመልካም ቁመና ላይ በመገኘት ሁልጊዜም የሚታዘዝዎ፣ ዘመንዎ እንዲረዝምና ጠረጴዛዎ ጭምር እንዲረዝም የሚጸልይልዎ፣

ኢተፋ ዋቅሹማ
የፊዚክስ መምህርና «ራዕይ አንድ» እየተባለች የምትወድቀው የሚዛን አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፣
ለማይመለከተውም፣ ምናልባት እሱ ያነበው እንደሆነ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ስለ እሳቸው የጻፍኩትን ማወቅ ይገባቸዋል ብዬ ለወይዘሮ ኡምኩልሱም በስልክ አነበብኩላቸው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ያልገባቸውን ዐዋጢፍ እየተረጎመችላቸው፣ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ክቡርነትዎ ይቅርታ ቢልኩ ልጅቷን ይሰዱልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። የመለሱልኝን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሰዎታለሁ፦ «ወረቀት አልፈልግም። ሰውዬው ራሱ ይምጣ። እኔ ጋ እንጨት አለ፣ ጀሪካን አለ፣ ወንዝ ቅርብ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ ያምጣልኝ፣ በፊት በር ያስገባው፤ ከዚያ ልጄ ይሄዳል። ትከሻ ብቻ እሱ ይዞ ይምጣ።»